በመተማዋ ሸሕዲ የመኪና ዘይት ግቢዎ ውስጥ ከመቀየርዎ በፊት

መጀመሪያ ትርፉን ይወቁ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ራስዎ ገዝተው ከሄዱ ጋራዥ ለእጅ ሥራ የሚጠይቀው ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። በግቢዎ ሲሠሩት የሚያተርፉት ማየትን ነው፤ የገባው ዘይት የገዙት መሆኑን፣ ፊልትሮውም ተወልውሎ እንዳልተመለሰ ያያሉ። ይህ ካላሳሰብዎ ጋራዥ ይሂዱ።

«ገና 5,000 ኪሎ ሜትር አልሞላም» ማለት እዚህ አገር ብዙም አያዋጣም። የመኪና አምራቾች ራሳቸው ለአቧራና ለከባድ ጭነት የመቀየሪያውን ርቀት ያሳጥራሉ። በሰሊጥ አጨዳ እርሻ ለእርሻ የሚውል ሃይሉክስ አቧራ ሲውጥ ይከርማል፤ ጭኖ ጎንደር ሲወጣ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ካለው ቆላ ከ2,000 በላይ ይቧጥጣል። የአየር ፊልትሮውንም አብረው ያውጡት። እሱ ከተቀደደ አዲሱ ዘይት ቶሎ ይቆሽሻል።

ቆላ ነው ብሎ ወፍራም ዘይት መምረጥ የተለመደ ነው። በ15ደብሊው-40 ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ያለውን ውፍረት ይናገራል። ለአሮጌ ናፍጣ ሞተር ይህ ሊስማማ ይችላል፤ ቪትዝ ግን ቀጠን ላለ ዘይት የተሠራ ስለሆነ የመኪናውን መመሪያ ይከተሉ። ባለ 4 ሊትሩን ጋሎን ሙሉ እንዳይገለብጡበትም፤ ያን ያህል አይወስድም።

ግቢዎ ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት አይሞክሩት፤ ክሪኩ ይሰምጣል። በበጋም ቢሆን በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። ድንጋይም አያስተማምንም፣ ይሰነጠቃል። ሃይሉክስ ከፍ ያለ ስለሆነ ሳያነሱት መግባት ይቻላል።

ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስተው ያጥፉ፤ ሲያፈሱት የረጋው ቆሻሻ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ግን ይጠንቀቁ፣ ዘይቱ ያቃጥላል። ማለዳ ይሻላል።

አብዛኛውን ሰው የሚያዋርደው ፊልትሮው ነው። አሮጌው ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በላዩ አዲሱን ካሰሩበት ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ይረጫል፤ በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብተው በእጅ ብቻ ያጥብቁት፤ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። አዲሱን ዘይት ሞልተው ሲጨርሱ ሞተሩን አስነስተው ሥሩን ይዩ፣ ካጠፉ በኋላ ደግሞ ጥቂት ቆይተው የዘይቱን ልክ ይለኩ።

የወጣውንስ የት ያደርሱታል? መልስ ከሌለዎት አይጀምሩ። ከመንገድ ዳር የፈሰሰ ዘይት በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የመተማ ውሃ ደግሞ በጓንግ አድርጎ አትባራ ይገባል። አሮጌ ዘይት የሚያጠራቅም ጋራዥ ካለ ቀድመው ይጠይቁና በጀሪካን ያድርሱለት። ጀሪካኑ ግን ውሃ የሚቀዳበት ቢጫው አይሁን፤ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ አይመለስም።