ጋዝ ሳይፈነዳ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ

ይህን ርዕስ በማታ ትምህርት ላይ ስናነሣ አንድ አባት፣ «ጋዝማ ሽታው ያሳብቅ የለም እንዴ? መሣሪያ ምን ያደርጋል?» አሉን። ለኩራዙ ነጭ ጋዝ እውነታቸውን ነው። እዚህ ላይ ጋዝ የምንለው ግን እንደ አየር የሚበተነውን ነው። ከእነዚህ አንዱ ሚቴን ነው። ሚቴን ቀለምም ሽታም የለውም። የምግብ ማብሰያው ቡታጋዝ የሚሸተው እንኳ ሰው ሽታ ስለጨመረበት ነው።

እንግሊዝ አገር ፌሊንግ በተባለ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ በ1812 (እ.ኤ.አ.) ይኸው ጋዝ ፈንድቶ 92 ሠራተኞች አለቁ። ገና ልጅ የሆኑ ብዙ ነበሩባቸው። በ1815 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ሊቅ የፋኖሱን ነበልባል በብረት ወንፊት ከበበው። ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚወስደው እሳቱ ወደ ውጭ አያልፍም። ጋዝ ሲኖር ደግሞ በነበልባሉ ላይ ሰማያዊ ቆብ ይታያል። ሠራተኛው ይህን አይቶ ይወጣል።

የዛሬው ፋብሪካስ? በብዙ ቦታ የሚሠራበት መሣሪያ በውስጡ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት እንክብሎች አሉት። በያንዳንዳቸው ውስጥ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ተጠምጥሟል። ኤሌክትሪክ ሽቦውን እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ያግለዋል። አንደኛው እንክብል ፓላዲየም የተባለ ማዕድን ተቀብቷል። ጋዙ እዚህ ላይ ሲደርስ ያለ ነበልባል ይነዳል፤ እንክብሉም የባሰ ይግላል። የጋለ ሽቦ ኤሌክትሪክን እንደልብ አያሳልፍም። ሁለተኛው እንክብል ፓላዲየም ስለሌለው ጋዝ አያነድም። የሁለቱ ልዩነት ተለክቶ ቁጥር ይሆናል፣ ደወል ይደወላል። ጋዙ የሚገባው በወንፊት መሰል ብረት በኩል ነው፤ የዴቪ ብልሃት እዚህም አለች ማለት ነው።

ቁጥሩን ማንበብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሚቴን የሚፈነዳው ከመቶ እጅ አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 እጅ ሲሆን ነው። መሣሪያው 100 ሲል ታዲያ አየሩ ሁሉ ጋዝ ሆነ ማለት አይደለም፤ 5 እጅ ደረሰ፣ ሊፈነዳ ይችላል ማለት ነው። 20 ላይ ደወል ቢጮህ አየሩ ውስጥ ያለው ሚቴን 1 እጅ ብቻ ነው፤ ለመውጣት ገና ጊዜ አለ።

ክፉው ነገር ይህ መሣሪያ ሲሞት አይናገርም። ሲሊኮን ያለበት ቅባት ወይም የእርሳስ ትነት ፓላዲየሙን ይመርዘዋል። ያን ጊዜ ጋዝ ሞልቶ እያለ ዜሮ ያሳያል፤ ሠራተኛውም ዜሮውን አምኖ ይገባል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጠኑ የታወቀ ጋዝ ይነፉበትና ይጮህ እንደሆነ ያያሉ። ጋዙ በጣም በዝቶ አየር ሲያንስም እንክብሉ ማንደድ ስለማይችል ቁጥሩ መልሶ ይወርዳል። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራው ሌላው ዓይነት እነዚህ ሁለት ችግሮች የሉበትም፤ ሃይድሮጅንን ግን ጨርሶ አያይም።

መሣሪያው የሚሰቀልበት ቦታም እንደ ጋዙ ነው። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ለሱ ጣሪያው አጠገብ ይሰቀላል። ቡታን ከባድ ነው፤ ወለል ለወለል ተስቦ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛልና መሣሪያው እታች፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ይደረጋል።