ድካምሽን መዝግቢው

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ደውለሽ «እቴቴ፣ ስልኬ እንኳን ሰነፍ ነሽ እያለኝ ነው» ስትዪኝ አንጀቴን በላሽው። እኔ ይህን በሽታ ከተሸከምኩት 19 ዓመት ሆነኝ። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል፣ በቤታችን ግን ቁርጥማት ነው የሚባለው። አንቺ ከታወቀብሽ ገና ስድስተኛ ወርሽ ነው፤ ስልክሽ ላይ ደግሞ ሰባት አፕ ጭነሻል። ስልክ ለዚህ በሽታ እንደሚጠቅም አውቃለሁ፣ እኔም ጠቅሞኛል። በሥርዓቱ ካልያዝሽው ግን ጭንቀት ይጨምርብሻል። ስለዚህ የማውቀውን በተራ ቁጥር ጻፍኩልሽ።

1. ድካሙ የበሽታው አንድ ክፍል መሆኑን እመኚ። ሰውነትን ሊጠብቅ የተሠራው የመከላከያ ኃይል ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። ከዚያ የሚነሣው ብግነት በደም በኩል ለአንጎል መልእክት ያደርሳል፤ ጉንፋን ሲይዝሽ አልጋ አልጋ የሚያሰኝሽም ይኸው ዓይነት መልእክት ነው። በዚህ ላይ ደም ማነስ ይመጣል፣ ሕመሙ እንቅልፍ ይቆራርጣል፣ መድኃኒቱም ይጫንሻል፣ «ነገ ምን እሆን ይሆን» የሚለው ሐሳብም አለ። ሰው ግን ጣትሽ ካላበጠ አያይልሽም። «በሃያዎቹ ያለሽ ልጅ ምን ያደክምሻል?» ይልሻል። እኔንም ሥራ ጠልታ ነው ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። ለዓመታት አምኛቸው ኖርኩ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

2. ከሰባቱ አፖች አምስቱን ዛሬውኑ አጥፊ። አንዱ ለመመዝገቢያ፣ አንዱ ለትንፋሽና ለእንቅልፍ ይበቃሻል። መጀመሪያ የሚጠፋው ሰነፍ ያለሽ እርምጃ ቆጣሪ ይሁን። በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ግብ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ የወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ «ማንፖ ኬ» ይባል ነበር፤ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ቁጥሩ ከዕቃ መሸጫ ስም ተነሥቶ ነው ዓለምን ያዳረሰው፤ ጉልበቱ ላበጠ ሰው ታስቦ የተለካ አይደለም። እንቅስቃሴ ለዚህ በሽታ ይበጃል፣ እኔም በየቀኑ እራመዳለሁ። መጠኑን ግን ከሐኪምሽ ጋር ወስኚ። «ለ12 ቀን ሳታቋርጪ ቆይተሽ ዛሬ አቋረጥሽ» የሚል ማሳወቂያ ካለም ዝጊው። ሕመም በበረታበት ቀን በመተኛትሽ የሚወቅስሽን ነገር በኪስሽ ይዘሽ አትዙሪ።

3. መዝገብሽ አጭር ይሁን። አራት ነገር ብቻ ያዢ፦ ጠዋት መገጣጠሚያሽ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ድካምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ በቀኑ ምን እንደሠራሽ በአንድ መስመር። ድካሙን ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ ቁጥር ስጪው። ቤረብል፣ ዴይሊዮ የሚባሉ ለዚህ የተሠሩ አፖች አሉ። እንግሊዝኛው ከታከተሽ የስልክሽ ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። ጣት አልታዘዝ ባለ ቀን በድምፅሽ ቅጂው፤ የጉግል የጽሑፍ ሰሌዳ አማርኛ ስትናገሪ ሰምቶ ይጽፍልሻል። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ መዝገብ በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል፣ አይቼዋለሁ።

ሁለት ነገር ልብ በዪ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለጠዋት 2 ሰዓት ብለሽ 2:00 ኤኤም ብትሞዪ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጮህብሻል። ቀን መቁጠሪያውም የእኛን ጾም ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ የጾም ቀን ሲሆን «ጾም» ብለሽ ጻፊ። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ የዋለ ሰው ድካም ከሌላው ቀን ጋር አይነጻጸርም። መድኃኒትሽ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ሐኪምሽንም የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው በሯን አልዘጋችም።

መዝገቡ ለእኔ ምን እንዳደረገልኝ ልንገርሽ። ሐኪም ፊት ስቀርብ «ሁልጊዜ ይደክመኛል» ነበር የምለው፤ እሱም «በርቺ» ብሎ ያሰናብተኛል። የስድስት ሳምንት መዝገብ ይዤ የገባሁ ቀን ግን ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ድካሜ 8 እና 9 የሚሆነው በየሳምንቱ መድኃኒቱን በወሰድኩ ማግስት ነበር፤ ያም ቀን ማክሰኞ፣ የሥራ ቀን። እሱው ፈቅዶልኝ መድኃኒቱን ወደ ዓርብ ማታ አዛወርነው፣ ቅዳሜን አረፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ያለው ድካም አልገባው ብሎ ደም አስመረመረኝ፤ ሄሞግሎቢኔ ወርዶ ተገኘ። ለብዙ ወራት ሰነፍኩ ብዬ ያለቀስኩበት ነገር የደም ማነስ ነበር።

4. ጉልበትሽን በስኒ ቁጠሪ። ከምክሬ ሁሉ ይህን አጥብቀሽ እንድትይዢ እፈልጋለሁ። ክርስቲን ሚዘራንዲኖ የምትባል ሉፐስ ያለባት አሜሪካዊት አለች፤ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሳለ ጓደኛዋ መታመም ምን እንደሚመስል ጠየቀቻት። እሷም ከየጠረጴዛው 12 ማንኪያ ሰብስባ አስጨበጠቻትና ቀኑን አብረው ኖሩት፤ ልብስ በለበሰች፣ ምግብ በሠራች ቁጥር አንድ ማንኪያ ትወስድባታለች። ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 ከጻፈችው ወዲህ ብዙ ሕመምተኞች ጉልበታቸውን በማንኪያ ይቆጥራሉ። እኔ በስኒ ነው የምቆጥረው። ጠዋት ስነሣ «ዛሬ ረከቦቴ ላይ ስንት ስኒ አለ?» እላለሁ። ደህና ቀን ዐሥር፣ መጥፎ ቀን አራት። ፀጉር መታጠብ አንድ ስኒ ይወስድብኛል። የታክሲ ሰልፍ ሁለት፣ እንጀራ መጋገር ሦስት፣ ልቅሶ መድረስ አራት።

የሁላችንም ስሕተት አንድ ነው፦ ደህና በሆንበት ቀን ያመለጠንን ሁሉ ለማካካስ እንነሣለን። ቤት እንጠርጋለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ሽሮ እናዘጋጃለን፣ ከዚያ ሦስት ቀን እንወድቃለን። መዝገብሽ ውስጥ ይህን በግልጽ ታዪዋለሽ፤ ድካምሽ 2 የነበረበትን ቀን ተከትሎ 9፣ 9፣ 8 ተደርድሮ ይጠብቅሻል። ስልክሽ እዚህ ላይ የሚጠቅምሽ በሰዓት ቆጣሪው ነው። ሥራ ስትጀምሪ 20 ደቂቃ ሙዪበት፣ ሲጮህ ሳይደክምሽም ተቀመጪ። ከደከመሽ በኋላ ማረፍ ዋጋው እጥፍ ነው። ሽንኩርት ለመክተፍ፣ ልብስ ለመተኮስም ተቀምጠሽ ሥሪ።

ማኅበራዊ ግዴታውን ደግሞ እንዳልረሳሁት እወቂ። በእኛ አገር ከልቅሶ መቅረት ይከብዳል፣ ሰርግ ቤት እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ሴትም ትታማለች። ስለዚህ ቀድመሽ አስታውቂ። እኔ ለዕድራችን ጸሐፊ ሕመሜን ነግሬ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ማስተዛዘንን እንጂ ዕቃ ማጠብን እንዳይጠብቁብኝ ተስማምተናል። የቀብሩን ቀን ካልቻልኩ ለሠልስቱ እደርሳለሁ። ሰርግ ካለ በስልኬ ቀን መቁጠሪያ ላይ ከሰርጉ በፊት ያለውን ቀንና ማግስቱን «ዕረፍት» ብዬ እይዛቸዋለሁ፤ ለእነዚያ ቀናት የሚጠራኝን ሁሉ «ተይዣለሁ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ ተይዣለሁ።

5. ትንፋሽሽን አዘግዪ። ሄድስፔስና ካልም የሚባሉት አፖች በዓለም የታወቁ ናቸው፤ አብዛኛው ክፍላቸው ግን በክፍያ ነው፣ ከአገር ቤት ሆኖ በዶላር መክፈልም ቀላል አይደለም። አትዘኚ፣ የሚያስተምሩት ዋና ነገር በነፃ ይገኛል። አራት ሰከንድ አስገቢ፣ ስድስት ሰከንድ ቀስ ብለሽ አስወጪ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል፤ ትንፋሹ ረዘም ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ይረጋጋል። የጣሊያኑ ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጥናት፣ ካቶሊኮች በመቁጠሪያ የሚደግሙት የላቲን ጸሎት ትንፋሽን ወደዚሁ ስድስት ገደማ እንደሚያወርድ አሳይተዋል። ይህን ስሰማ መቁጠሪያዬን አስታወስኩ። ዛሬ ስልኬ ላይ ሰዓቱን ብቻ እሞላና በመቁጠሪያዬ ቀስ እያልኩ እጸልያለሁ፣ ዐሥር ደቂቃ። አንቺም በለመድሽው ያዢው። የተቀዳ ድምፅ የምትጠቀሚ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርጂው፤ መብራትና ኔትወርክ በጠፋበት ሌሊት ነው ይበልጥ የምትፈልጊው።

6. የመድኃኒት ማንቂያሽን በጥንቃቄ ሙዪ። ሜቶትሬክሴት በዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ መውሰድ የአጥንት መቅኔን ይጎዳል፣ ሰው ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ አፑ «በየቀኑ» ብሎ የሚሞላውን ትተሽ «በየሳምንቱ» የሚለውን ምረጪ፣ ቀኑን በስሙ ጻፊ፣ እናትሽንም አሳዪያት። ፎሊክ አሲዱን ሐኪሙ ባለሽ ቀን ለብቻው ሙዪው። ልጅ ለመውለድ ባሰብሽ ጊዜ ደግሞ አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ይህ መድኃኒት ጽንስ ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎን ታዞልሽ ከሆነ በራስሽ ፈቃድ ድንገት አታቋርጪ። በቴሌግራም «ሥር ነቀል ፈውስ» እያሉ ቅጠል የሚሸጡትን አትስሚ። ጸበልሽን ጠጪ፣ ክኒንሽንም ዋጪ።

7. ምስጢርሽን ጠብቂ። ስለ ሰውነትሽ የምትጽፊው ሁሉ ለአንድ ሰው ገበያ ነው። የሴቶችን ወር አበባ የሚመዘግበው ፍሎ የጤና መረጃን ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፏል ተብሎ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2021 ስምምነት ፈርሟል። ቤተርሄልፕ የተባለው የምክር አገልግሎት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በተመሳሳይ ጉዳይ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይቆጥረዋል። ሕጉ እስኪደርስልሽ ግን አንቺው ቅደሚ። አፑ የስልክ ማውጫሽን፣ ያለሽበትን ቦታ ከጠየቀ ከልክዪው። ሙሉ ስምሽንም አትስጪ። ስልክሽን በቁልፍ ዝጊ።

8. ለሁለት ሳምንት በተከታታይ ደስታ ከራቀሽ፣ መኖር ከከበደሽ፣ አፕ ዝጊና ሰው ፈልጊ። ድብርት ከዚህ በሽታ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። በማንኛውም ሌሊት ለእኔ ደውዪ።

9. በወር አንድ ጊዜ መዝገብሽን በአንድ ገጽ አጠቃልዪ፦ መጥፎዎቹ ቀናት፣ ከእነሱ በፊት የሆነው፣ ሦስት ጥያቄ። ሐኪም የሚሰጥሽ ጊዜ አጭር ነው፣ ገጹን ገና ስትቀመጪ ስጪው። መሻሻል በታየበት ጊዜ በየቀኑ መመዝገቡን ተዪ፤ እኔ አሁን የምመዘግበው ሕመሙ ሲነሣብኝ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰውነቷን ስታዳምጥ የምትውል ሴት እንድትሆኚ አልፈልግም።

ቀጠሮሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ብለሽኛል። ዛሬ ማታ ጀምሪ፣ 21 ቀን ይሞላል። በቀጠሮው ዕለት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ አብረን እንገባለን።