ሞክሼ ፊደላትና የስሞች ትርጉም

ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲጠሩ አንዱ ሌላውን «ሞክሼ» ይለዋል። መጠሪያቸው አንድ ነው፤ አባታቸውና ትውልዳቸው ግን ለየቅል ነው። ፊደሎቻችንም ሞክሼዎች አሏቸው። «ሞክሼ ፊደላት» የምንላቸው ዛሬ በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ እየተሰጣቸው በመልክና በትውልድ የሚለያዩትን ነው፦ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ።

ወደ ምሳሌዎቹ ከመግባታችን በፊት ሦስት ቃላትን እንወስን። «ድምፅ» ጆሮ የሚሰማው ነው። «ፊደል» ዐይን የሚያየው የድምፅ ምልክት ነው። «ሥር» ደግሞ ብዙ ቃላት የሚበቅሉበት የመጀመሪያው ግስ ነው፤ ጸሐፊ፣ ጽሕፈትና መጽሐፍ «ጸሐፈ» ከሚለው አንድ ሥር እንደ በቀሉ ማለት ነው። እነዚህን ሦስቱን ካልቀላቀልን የሚቀጥለው ሁሉ ቀላል ይሆናል።

የአብነት መምህራን ሞክሼዎቹን የሚለዩት በስም ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ ይሏቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐመር፣ ዐይን፣ ጸሎትና ፀሐይ በየፊደላቸው ይጀምራሉ፤ ንጉሥ ግን ሠን የያዘው በመጨረሻው ነው፣ እሳትም ሰን የያዘው በመካከሉ ነው። ስለዚህ ስያሜው «በዚህ ፊደል የሚጀምር» ማለት ሳይሆን «ይህ ፊደል የሚገኝበት ስም» ማለት ነው። ሕፃኑ ፊደሉን የሚይዘው ከነትርጉሙ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ አላውቅም።

ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ብዙ ሆኑ? በጥንቱ ግእዝ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ ተናጋሪ ዛሬም ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ በጉሮሮው ለይቶ ይናገራል፤ ዓረብኛም እንዲሁ ያደርጋል። አማርኛ ድምፁን አንድ ሲያደርግ ጽሕፈቱ ግን ባለበት ቆየ። እንግዲህ እስካሁን ያየነው ይህ ነው፦ ፊደሉ የጠፋውን ድምፅ ያስታውሳል፣ በዚያም ወደ ሥሩ ይመራል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት፤ ወረዳው የሚገኘው በምዕራብ ጎጃም ነው፣ የዞኑ ከተማም ፍኖተ ሰላም ነው። ተማሪው በደብተሩ ላይ በየጊዜው «ምዕራብ» ብሎ ይጽፋል። ሥሩ «ዐረበ» ነው፤ ፀሐይ ገባች፣ ጠለቀች ማለት ነው። ስለዚህ ምዕራብ የመጥለቂያ ስፍራ ነው፣ ፊደሉም ዐይኑ ዐ ነው። የጎረቤታችን የምሥራቅ ጎጃም ስም ደግሞ ከ«ሠረቀ» የመጣ ነው፤ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። በእሳቱ ሰ የሚጻፈው «ሰረቀ» ግን ትርጉሙ የሌላውን ንብረት ወሰደ ነው፤ ስርቆትም የሚወለደው ከዚሁ ነው። «ምስራቅ» ብሎ የጻፈ ሰው ሳያስበው የፀሐይ መውጫን ትቶ ወደ ስርቆት ሥር ይወስደናል። አንባቢ ከአገባቡ ስለሚረዳ አይደናገርም፤ የስሙ ትውልድ ግን ተሰውሯል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቀን አጻጻፍ ነው። ከዓመቱ ቁጥር ቀጥሎ «ዓ.ም.» እንላለን፤ ዓመተ ምሕረት ማለት ነው። ምሕረት የመጣው በሐመሩ ሐ ከሚጻፈው «መሐረ» ነው፤ ይቅር አለ፣ ራራ ማለት ነው። በሃሌታው ሀ የሚጻፈው «መሀረ» ግን አስተማረ ማለት ነው፤ መምህርና ትምህርት ከእርሱ ይወጣሉ። ስለዚህ ትምህርት በሀ፣ ምሕረት በሐ ይጻፋል። «ዓመት» የሚለውም ሞክሼ አለው። በአልፋው አ የሚጻፈው የግእዝ «አመት» የሴት አገልጋይ ማለት ነው። አንዲት እናት በክርስትና ስሟ አመተ ማርያም ስትባል የማርያም አገልጋይ መባሏ ነው፤ በዐይኑ ዐ ከተጻፈ ግን የማርያም ዘመን ይሆናል።

ሦስተኛው ትንሽ ይከብዳል፣ ስለዚህ ቀስ እንበል። «ሠዐለ» መልክን በቀለም አወጣ ማለት ነው፤ ሥዕልና ሠዓሊ ከዚህ ናቸው። «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ ስእለት ከዚህ ነው። እመቤታችንን «ለምኝልን» ለማለት በግእዝ «ሰአሊ» ይባላል፤ ፊደሎቹ ሲለወጡ ልመናው «ሣዪልን» ወደ ማለት ይሄዳል። «ስለት» ደግሞ አጥሮ ሲጻፍ የቢላዋ ጠርዝ ነው። ስእለት ሰው ሲሳል የሚሰጠው ቃል ነውና ከስለት ጋር መምታታት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ግን መለየት ያለባቸው ድኅነትና ድህነት ናቸው። ድኅነት፣ በብዙኃኑ ኀ፣ መዳን ነው፤ ድህነት «ደኸየ» ከሚለው የመጣ የማጣት ስም ነው። በአንዱ ፊደል ምክንያት መዳንን የሚሰብክ ጽሑፍ ማጣትን የሚሰብክ ሊመስል ይችላል። በትምህርተ ሃይማኖት መጻሕፍት ላይ ይህ ሲፈጸም ሳይ አዝናለሁ፤ ጸሐፊው የሚናገረው ትልቅ ነገር ነውና።

የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ይህንን ቶሎ ይረዱታል። በእንግሊዝኛ ቢላዋ «ናይፍ»፣ ጉልበት «ኒ» ይባላል፤ ሁለቱም የሚጀምሩት ድምፅ በሌለው «ኬ» ነው። «ናይት» የሚለው ድምፅ በኬ ሲጀምር ባለ ፈረስ ተዋጊ ነው፤ ያለ ኬ ሲጻፍ ሌሊት ነው። ይህ ኬ ጥንት ይነበብ ነበር፤ ጀርመንኛም እስከ ዛሬ ጉልበትን «ክኒ» ብሎ ያሰማዋል። በእኛ ዘንድ ትግርኛ ለሐና ለዐ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የሽንዲ ተማሪ ይህን ዝም ያለ ኬ ሳያማርር ካጠና ዐይኑ ዐን ለማጥናትም ዐቅም አያንሰውም።

ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚል ተቃራኒ አሳብ የሚይዙ ሰዎችም ክብር ይገባቸዋል። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ የአጻጻፍ ለውጥ ደጋፊ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የሚጠብቁ ፊደላትን ከላያቸው ነጥብ እያደረጉ ለይተዋል። ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። ገና ሲላላ «እስካሁን ያልሆነ» ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ፊደላችን ይህን አያሳይም። የበዛው ተቀንሶ የጎደለው ቢሞላ የሚለው አሳብ ምክንያት አለው። የኔ ፍርድ ግን የጎደለውን ለመሙላት ያለውን ማጉደል አያስፈልግም የሚል ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት ሠን በራሱ ክፍል፣ ሰን በራሱ ክፍል ያኖራል። ፊደሉን የሳተ አንባቢ ምሥራቅን በሰረቀ ሥር ሲፈልግ ይውላል። በጎንጅም ሆነ በዋሸራ የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱን ከነፊደሉ የሚያጠናው ይህ እንዳይደርስበት ነው።

አንድ ወሰን ግን እናስቀምጥ። ይህ ሁሉ የሚመለከተው ሥራቸው በግእዝ የሚታወቁ ቃላትን ነው። «ሆድ»ን የመሰለ የአማርኛ ቃል በሃሌታው ሀ መጻፉ ይበቃዋል፤ ይክበር ብሎ በሐ መጻፍ ዕውቀት አይሆንም። በሌላ በኩል ተራ የሚመስል ስም ሥር ሊኖረው ይችላል። ከሽንዲ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ከብት የሚግጠው ሣር በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ በግእዝ «ሣዕር» ነውና፣ መካከል ላይ የነበረችውን ዐ አማርኛ ውጧታል።