ስለ ደም መጣጮችና ስለ ብርሃነ ፀሐይ

ጥያቄ፦ «ባፊ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ቫምፓየሮች ፀሐይ ሲነካቸው ነደው ዐመድ ይሆናሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ስፓይክ ግን በቀን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲሮጥ ይታያል። ሕጉ የቱ ነው?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ይህ ሕግ ከጥንት የጸና ለሚመስለው ሁሉ የሚያስደንቀው ነገር፣ ብራም ስቶከር በ1897 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ድራኩላ በጠራራ ቀን ለንደን ከተማ፣ ፒካዲሊ ጎዳና ላይ ቆሞ አንዲት ቆንጆ ሴት አፍጥጦ ሲመለከት መገኘቱ ነው፤ መዓልት ምትሐቱን ያዳክምበታል እንጂ ሥጋውን አያነደውም። ብርሃነ ፀሐይ ቀሳፊ ሆኖ የታየው፣ ሙርናው በ1922 ባቀረበው «ኖስፌራቱ» በተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም፣ ቫምፓየሩ ኦርሎክ ጎሕ ሲቀድ እንደ ጢስ በንኖ በጠፋ ጊዜ ነው።

የቴሌቪዥን ደራስያን ይህን ቅጣት ቢወርሱም፣ ገጸ ባሕርያቸው ጀምበር እስክትጠልቅ ተደብቆ ከዋለ ታሪኩ ስለሚቆምባቸው፣ ሕጉን ሳይሽሩ መውጫ ቀዳዳ ያበጁለታል። በ«ባፊ» የሚገድለው በቀጥታ የሚያርፈው ጨረር ብቻ ስለሆነ፣ መጋረጃው በወረደበት ክፍል ወይም በጥላ ሥር መዋል ይቻላል። በ2009 የጀመረው «ዘ ቫምፓየር ዳይሪስ» ግን ጠንቋይ የደገመችበትን ቀለበት በቫምፓየሮቹ ጣት አጥልቆ እንደ ልባቸው ያዘዋውራቸዋል፤ ይህን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የስንፍና መንገድ እለዋለሁ፤ ፍርሃቱን ከሥሩ ይነቅለዋልና። ስለዚህ ስፓይክ ሕግ አልጣሰም፤ ልብ ብለው ይመልከቱ፣ ብርድ ልብሱ ይጨሳል።