ልጆቻችንን ወደ ደቦ ይዘን እንሂድ

በመንዝ ደጋ ገብስ ሲደርስ የሁሉም ሰው ልብ ይሠጋል። ውርጭ አለ፤ በረዶ አለ። ሰው የሞላው ቤት ቶሎ አጭዶ ይከምራል። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿም ገና ያልደረሱላት ሴትስ?

ወንፈል አለ ትሉ ይሆናል። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ አንድ ቀን ላጨደልኝ ሰው እኔም አንድ ቀን አጭድለታለሁ። እሷ በምን ጉልበት ትመልስ? ደቦም ቢሆን እንጀራና ጠላ ይፈልጋል። ጎተራዋ ባዶ የሆነባት ሴት ደቦ ጠርታ ምን ታቀርባለች? ስለዚህ አስተዋይ ጎረቤቶች የየራሳቸውን ስንቅ ይዘው ሄደው ያጭዱላታል። ልጅ ማየት ያለበት ይህን ቀን ነው።

ብዙዎቻችን ግን «ገና ሕፃን ነው፣ ሥራ ያስፈታናል» ብለን ልጁን ቤት ትተነው እንሄዳለን። ማታ ምድጃ ዳር አስቀምጠን «ሰው እርዳ» እያልን እንመክረዋለን። ያላየውን ከየት ያምጣው?

የሰባት ዓመት ልጅ ማጭድ አይያዝ፤ እጁን ይቆርጠዋል። ለአጫጆቹ ውኃ ያቀብል። የወደቀውን ዛላ ይልቀም፤ የለቀመውንም ለባለቤቷ ያስረክብ። ከፍ ያለው ነዶ ይሸከም። የባለቤቷን ሕፃን የሚይዝም ያስፈልጋል፤ ወንድ ልጅ ቢይዘውም ነውር የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ «ጎበዝ፣ እደግ» በሉት። ገንዘብ ግን አትስጡት። ይህን የምለው በራሴ ቤት ስላየሁት ነው። ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ውኃ እንዲቀዳ ልጄን በገንዘብ አስለመድኩት። ገንዘቡ የቀረ ዕለት ውኃውም ቀረ።

ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለአገሬው ሁሉ የሚሠራ ሥራም አለ። በመንዝ ያለውን የጓሳን ሣር አስቡ። የቤት ክዳን ነው፤ ገመድም ነው። የአካባቢው ሰዎች «ቄሮ» በሚባል ደንብ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይ ነበር፤ አባወራዎች በተራ እየዞሩ ይጠብቁ ነበር፤ የሚታጨድበትም ቀን ተቆርጦ ይነገር ነበር። ደንቡ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቦታ ነው። ተራችሁ ደርሶ የጋራ ግጦሽ ወይም ምንጭ ለመጠበቅ ስትወጡ ልጁ አብሮ ይውጣ።

ፊደልም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ካስተማሩት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ልጅ እግር ሽማግሌውን ፊደል አስቆጠረ። የእናንተም ልጅ ማንበብ ከቻለ ለማያነብ ጎረቤት የመጣውን ደብዳቤ ያንብብለት። የሰው ምሥጢር ነውና ያነበበውን ለሌላ እንዳያወራ ግን አጥብቃችሁ ንገሩት።

ለውይይት፦ በመጪው አጨዳ በመንደራችሁ አጫጅ የሌለው የማን ቤት ነው? ከልጆቻችሁ ማን ማን አብሯችሁ ይሄዳል? ምን ሥራስ ይይዛል?