ከባድ አረር፣ እምቢተኛ ጠመንጃ

አንድ መሣሪያ በትክክል ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ቢያስቸግር፣ አስቀድመን የምንጠይቀው «ምን ተለወጠ?» ብለን ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ በሚታወቅ ጠመንጃ ላይ አንሥተን፣ በክፍል ውስጥ የተማርነው ፊዚክስ የሚሰጠውን መልስ እንመለከታለን።

ጠመንጃው ማርሊን 1894 ይባላል። ከቃታው ሥር ያለው ማንሻ ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ መዝጊያው ይከፈትና የተተኮሰውን ቀለሃ አውጥቶ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርድረው በሞላ ይገፋሉ። 44 ማግነም የተባለውን ጥይት የሚተኩሰው ዓይነት በ15.6 ግራም አረር ያለ ችግር ይሠራል እንበል። ባለቤቱ ግን ለትልቅ አውሬ በማሰብ 19.4 ግራም የሚመዝን አረር የያዘ ጥይት በእጁ ሞላ። ከዚህ በኋላ ማንሻው ይይዘው፣ ኢላማውም ይስተው ጀመር። ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ርዝመት ነው። የአረሩ ውፍረት በአፈሙዙ የተወሰነ በመሆኑ ክብደት ሲጨመር የሚያድገው ርዝመቱ ብቻ ነው። የ44 ማግነም ጥይት ሙሉ ርዝመት ደግሞ ከ40.9 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚህ የረዘመ ጥይት ከቱቦው ወደ ላይ በሚያነሣው ክፍል ላይ በሚገባ ስለማይቀመጥ ይሰነቀራል። ርዝመቱን ለማሳጠር አረሩ ወደ ቀለሃው ጠልቆ እንዲገባ ቢደረግ ደግሞ ለባሩዱ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱም ይጨምራል።

ሁለተኛው ሞመንተም ነው። 19.4 ግራም አረር በሰከንድ 450 ሜትር ቢወጣ፣ ሦስት ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠመንጃ፣ የጋዙን ድርሻ ሳንቆጥር፣ በሰከንድ 2.9 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይራገጣል። በቱቦው ውስጥ ያሉት ጥይቶች ግን በኢነርሺያ ምክንያት ባሉበት ለመቆየት ስለሚሞክሩ ሞላውን ይጨምቃሉ፤ ከዚያም ተመልሰው እርስ በርስ ይላተማሉ። የቀለሃው አፍ አረሩን አጥብቆ ካልያዘው አረሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አጥሮ የተገኘ ጥይት እንደረዘመው ሁሉ አጎራረሱን ሊያዛባ ይችላል፤ ሲተኮስም ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቱቦ ውስጥ ሹል የብረት ጫፍ ያለው አረር የማይገባውም ለዚሁ ነው፤ ከፊቱ ያለውን ጥይት መለኮሻ መትቶ ሊያፈነዳው ይችላል።

ሦስተኛው የአረሩ ሽክርክሪት ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች አረሩን እንደ እንዝርት ያሾሩታል፤ ረጅም አረር ሳይዋልል እንዲበር ፈጣን ሽክርክሪት ያስፈልገዋል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ግሪንሂል በ1879 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር መሠረት፣ ለአንድ ሙሉ ዙር የሚበቃው ርቀት 150 በዲያሜትሩ ስኩዌር ተባዝቶ ለአረሩ ርዝመት ሲካፈል ይገኛል። ዲያሜትሩ 10.9፣ ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር ለሆነ አረር ውጤቱ 1,048 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ 21 ሲሆን ግን ወደ 849 ይወርዳል። የዚህ ጠመንጃ አፈሙዝ ደግሞ ለረጅም ዓመታት የተሠራው በ965 ሚሊ ሜትር አንድ ዙር እንዲያሾር ተደርጎ ነው። እንግዲህ ለአጭሩ አረር ይበቃል፤ ለረጅሙ ግን አይበቃም። በወረቀት ኢላማ ላይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ ከታየ፣ አረሩ እየተዋለለ በጎኑ መምታቱን ያስረዳል።

ታዲያ ከሦስቱ ጥፋተኛው የትኛው ነው? በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ በመለወጥ እንለየዋለን። አጎራረሱ ባሩድና መለኮሻ በሌለው ጥይት ይፈተሻል። በቱቦው ውስጥ የቆየ ጥይት ከተኩስ በፊትና በኋላ ሲለካ የአረሩ መስመጥ ይታወቃል። የቀዳዳው ቅርጽ ስለ ሽክርክሪቱ ይነግረናል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ምልክት መናቅ የለበትም። ከተኩስ በኋላ ማንሻው አልከፈት ካለ፣ በከፍተኛ ግፊት የተለጠጠው ቀለሃ ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለስ ተስኖት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ በጉልበት ከፍቶ መቀጠል እጅንና ዓይንን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ ተኩሱ ወዲያው መቆም አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ እምቢ ያለ መሣሪያ በሽታውን እየነገረን ነው፤ የእኛ ድርሻ ማዳመጥና መለካት ነው።