«ተጠየቅ»፦ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ የሚነሣ አመልካች ለቢዝነስ ትምህርት ቤት የመግቢያ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ዝግጅት

መግቢያ

በኢትዮጵያ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ተማሪ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሻገረው በወረቀት ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በየተራ ያጣሩታል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ፊት ለፊት ተቀምጦ «ማን ነህ? እስካሁን ምን ሠራህ? ለምንስ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአጅባር ወይም በመካነ ሰላም አድጎ፣ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ውጭ አገር ለሚገኝ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የሚያመለክት ወጣት በአንደበቱ የሚመዘነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ያውም በባዕድ ቋንቋ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ።

ለዚህ ግማሽ ሰዓት የሚደረገው የተለመደ ዝግጅት ሊጠየቁ የሚችሉ ጥያቄዎችን ሰብስቦ መልስ መሸምደድ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ የተለየ መንገድ ያቀርባል። የአመልካቹ ዋና ሥራ የራሱን ድርሻ ከጋራው ሥራ ለይቶ፣ ምስክር ቢጠራ ሊጸና በሚችል መልኩ መናገርን መለማመድ ነው። የአካባቢው የንግግር ባህል ለዚህ እንቅፋት ብቻ አይደለም፤ ስንቅም ይሆናል።

ጠያቂው ምን ያውቃል?

የመጀመሪያው የዝግጅት ጥያቄ ጠያቂው ስለ አመልካቹ አስቀድሞ ምን እንዳነበበ ማወቅ ነው። በሀርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ለ30 ደቂቃ የሚጠይቀው የቅበላ ክፍል ባልደረባ የአመልካቹን ማኅደር በሙሉ አንብቦ ይቀርባል። በኤምአይቲ ስሎንም ማኅደሩ ይነበባል፤ የሚበዛው ጥያቄም አመልካቹ ባለፈ ጊዜ በተጨባጭ ስላደረገው ነገር ነው። ኢንሲያድ ግን ቃለ መጠይቁን አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹ በሚኖርበት አገር ላሉ ሁለት የቀድሞ ምሩቃን ይሰጣል። ዋርተን ደግሞ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት ወይም ስድስት አመልካቾችን በአንድነት አስቀምጦ ለ35 ደቂቃ በአንድ ጉዳይ ላይ ያወያያል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማኅደሩን ላነበበ ሰው የሕይወት ታሪክን መድገም ጊዜ ማባከን ነው፤ ላላነበበ ሰው ግን ሳይንት የት እንደሆነ፣ የገጠር ብድር እንዴት እንደሚሠራ ሳያስረዱ ወደ ውጤት መዝለል ጆሮውን ማሳጣት ይሆናል። በቡድን ውይይት «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል አይሠራም፤ ዝም ያለ ሰው በጠያቂው ማስታወሻ ላይ ምንም ሳይጻፍለት ይወጣል።

ጠያቂው የሚያውቀው ነገር ብዙ ቢሆንም እንኳ ፍርዱ የሚታመነውን ያህል አስተማማኝ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች በሂውስተን የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተጨማሪ 50 ተማሪዎችን እንዲቀበል አዘዙ። ትምህርት ቤቱ ከቃለ መጠይቅ በኋላ ካልመረጣቸው መካከል ቁጥሩን አሟላ። ኋላ ሲመዘኑ እነዚህ ተማሪዎች አስቀድመው ከተመረጡት ጋር በትምህርትም በሥራ ልምምድም የሚለዩበት ነገር አልተገኘም፤ ጥናቱም በ1987 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ንጽጽሮች አንድ ነገር ያጸናሉ፦ ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ በተመሳሳይ መለኪያ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ የወደፊት ብቃትን በመጠኑ ያመለክታል፤ እንደ ወግ የሚፈስሰው ቃለ መጠይቅ ግን ይበልጡን የጠያቂውን ስሜት ይለካል። ለአመልካቹ የሚተርፈው ትርጉም ግልጽ ነው። ጠያቂው ወግ ቢያመጣ አመልካቹ ለመልሱ ቅርጽ መስጠት አለበት፤ አለዚያ የሚመዘነው ሥራው ሳይሆን የእንግሊዝኛ አነጋገሩ ይሆናል።

ልጠየቅ

ለወሎ ሰው በአደባባይ መጠየቅ እንግዳ ነገር አልነበረም። በጥንቱ የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ!» ሲባባሉ፣ የተጠየቀው «ልጠየቅ!» ብሎ ራሱን ለጥያቄ ይሰጥ ነበር። ቃሉ ራሱ ትምህርት አለው። «ልጠየቅ» ያለ ሰው ለሚናገረው ኃላፊነት ወስዷል፤ ተድበስብሶ ማለፍ አይችልም፤ አድማጩም ነገር አዋቂ ነው።

የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም የየራሳቸው የቃል ምዘና አላቸው። በየመስጊዱ ደረሳው የቀራውን በሼኹ ፊት ያሰማል፤ በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያቀርባል። ሁለተኛው በተለይ ለዚህ ጉዳይ ይቀርባል። የቅኔ ተማሪ ግሡንና አገባቡን ቢሸመድድም ቅኔውን ግን መሸምደድ አይችልም፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገምም አያስከብርም። የቃለ መጠይቅ ዝግጅትም እንዲሁ ቢሆን ይሻላል። ተሸምድዶ የመጣ መልስ በዜማው ይታወቃል፤ ጠያቂው ጣልቃ ገብቶ አንድ ቃል ሲጠይቅ ደግሞ ተናጋሪው ከመጀመሪያው ለመጀመር ይገደዳል።

እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ፣ የአማርኛ ድርብ ፍች ያለው አነጋገር ዘመናዊ ተቋማት ከሚፈልጉት ግልጽ ንግግር ጋር እንደሚጋጭ ተከራክሯል። ክርክሩ ለቃለ መጠይቅ ሲሆን ግማሹ ብቻ ይሠራል፤ ምክንያቱም የቢዝነስ ትምህርት ቤት ጥያቄ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። «ስለ አንድ ውድቀትህ ንገረኝ» ሲባል ሰሙ የስሕተት ታሪክ ነው፤ ወርቁ «ጥፋቱን በማን ላይ ታላክካለህ?» የሚል ነው። «ለምን አሁን?» ሲባል ሰሙ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ወርቁ «ያለ እኛ ትምህርት የማትሻገረው ነገር ምንድን ነው?» ነው። ወርቅ መፈለግን የለመደ ጆሮ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። የሚቸገረው መልሱን ሲሰጥ ነው፤ መልሱ ወርቁን በግልጽ ማውጣት ይኖርበታልና።

ከዚህ የሚከብደው «እኔ» የማለት ነውር ነው። በጨዋ አነጋገር ሰው የራሱን ሥራ በ«እኛ» ወይም አድራጊው በማይታወቅ ግሥ ይሸፍናል፤ «ተሠራ»፣ «ተፈታ»፣ «እግዜር ረዳን» ይላል። ሆኖም አማርኛ ራስን ማንሣትን ፈጽሞ አልከለከለም። ፉካሪ ስሙን ጠርቶ፣ ቦታውን ጠቅሶ፣ ሥራውን ይቆጥር ነበር፤ ነውር ያልሆነበትም አብረውት የዘመቱት እዚያው ቆመው ስለሚሰሙ ነው። ከዋለበት የማይዋል ነገር ቢጨምር ይሣቅበታል። ፉከራ የወንዶች አደባባይ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሴቶች ያላቸው የተጠያቂነት መድረክ በቅሬና በዕቁብ ሒሳብ ማቅረብ ነው፤ ለቃለ መጠይቅም ምናልባት ከፉከራ ይበልጥ ይጠቅማል። በሁለቱም ያለው ሕግ አንድ ነው፦ «እኔ» ማለት የሚፈቀደው ሊመሰከር ለሚችል ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ

ነገሩን ለማየት እንዲቻል አንዲት አመልካች ትታሰብ። በአጅባር አካባቢ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ቅርንጫፍ ለሦስት ዓመታት የብድር ሠራተኛ ሆና ሠርታለች። ተበዳሪዎቿ በቡድን ተደራጅተው እርስ በርስ የሚዋሱ ገበሬዎች ናቸው። «የገጠመሽን ከባድ ሁኔታ ንገሪን» ስትባል የመጀመሪያ መልሷ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አንድ ቡድን ችግር ገጥሞት ክፍያ ተቋረጠ። ተነጋግረን ተፈታ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብድሩም ተመለሰ።»

መልሱ ትሑት ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ነገር ግን ውስጡ ሰው የለም። ማን ከማን ጋር ተነጋገረ? ምን ተወሰነ? እሷ ባትኖር ምን ይቀር ነበር? ጠያቂው እነዚህን ካልጠየቀ፣ ብዙዎች ደግሞ አይጠይቁም፣ ገጹ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በ«ልጠየቅ» መንፈስ የተዘጋጀው መልስ ይህን ይመስላል፦

«ሰባት አባላት ያሉት አንድ ቡድን ገብሱን በረዶ መታበት። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ስለሚዋሱ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹን መጠየቅ እችላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ሰብስቤ ይህንኑ መብቴን አስታወስኋቸው። ስሕተቴ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ከቡድኑ እንወጣለን አሉ። ከዚያ በኋላ በየቤታቸው ሄድሁ። ሦስቱ በግ ሸጠው መክፈል እንደሚችሉ፣ አራቱ ግን እስከ ሚቀጥለው አዝመራ ምንም እንደሌላቸው ለየሁ። ለአራቱ ጊዜ እንዲራዘም ለኃላፊዬ በጽሑፍ አቀረብሁ፤ ፈቀደ። ስድስቱ ከፍለው ጨረሱ። አንዱ አልከፈለም።»

በዚህ መልስ ውስጥ «እኔ» የሚሰማው ውሳኔ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። የገበሬዎቹ ድርሻ አልተወሰደባቸውም፤ በጋቸውን የሸጡት እነሱ ናቸው። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በተለይ መቅረት የለባትም። ብዙ አመልካቾች ያልከፈለውን ሰው ከታሪኩ ያወጡታል፤ ታሪኩን እንዲታመን የሚያደርገው ግን እሱ ነው። ጠያቂው «ያ አንዱስ?» ብሎ ቢከተል ደግሞ የሚከፈተው ውይይት ከየትኛውም ከተዘጋጀ መልስ የበለጠ ይመዝናል። የቡድን ዋስትናን ለውጭ ሰው ለማስረዳት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ መሐመድ ዩኑስና ግራሚን ባንክ በ2006 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ካገኙ ወዲህ ሐሳቡ በቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የታወቀ ነውና።

«ከትምህርቱ በኋላስ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያስቸግራል። ብዙው አመልካች «ወደ አገሬ ተመልሼ ወገኔን አገለግላለሁ» ይላል። ቃሉ ከልብ ሊሆን ይችላል፤ ጠያቂው ግን ከየአገሩ አመልካች ሲሰማው የዋለው ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ጸደይ ባንክ ሆኗል። የገጠር ቅርንጫፍ የምታውቅ አመልካች፣ ተቋም ከቡድን ብድር ወደ ባንክ ሥራ ሲሻገር ትንሹ ገበሬ እንዴት እንዳይረሳ ማድረግ እንደሚቻል ጥያቄ አላት፤ መልሱንም ገና አታውቅም። ይህን አለማወቅ በትክክል መጥራት ከተስፋ ቃል ይሻላል። የመመለስ ውሳኔዋ ያልጸና ከሆነም እንዳልጸና መናገር ትችላለች፤ ከወረዳ ከተማ የወጣ ሰው ሁሉ የሚሸከመውን ጥያቄ ደብቆ ከመግባት ይቀላል።

ሰዓቱና መስመሩ

ልምምዱ በአማርኛ ቢጀመር መልካም ነው፤ ሐሳቡ በእንግሊዝኛ እጥረት ሳይሰበር ይጠራል። አድማጩም የሥራ ባልደረባ ባይሆን ይመረጣል። ባንክ ቤት ገብተው የማያውቁ የሽምግልና ለምድ ያላቸው አዛውንት «እና አንቺ ምን አደረግሽ?» ብለው ሲያቋርጡ ከማንኛውም አሠልጣኝ ይበልጣሉ።

የሰዓት አቆጣጠሩ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ቦስተን በክረምታቸው ከኢትዮጵያ በ8 ሰዓት፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ከዚያ ከጠዋቱ 9፡00 ሲባል እዚህ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ወይም 10 ሰዓት ነው፤ በግብዣው ደብዳቤ ላይ የሠፈረውን 9፡00 በአገራችን አቆጣጠር 9 ሰዓት ብሎ የያዘ ሰው ቀድሞ ይገባል፤ ማታ 9፡00 ሲል በሌላ ሰው ስልክ የሞላ ደግሞ ያመልጠዋል። የትምህርት ማስረጃ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረትም «ሰባት ዓመት ወዴት ሄደ?» የሚል ጥያቄ እንዳያስነሣ አስቀድሞ መተርጎም አለበት።

መስመሩ ደግሞ ከአመልካቹ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከመካነ ሰላም የሚነሣ ሰው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደሴ መድረስ፣ ወይም እስከ አዲስ አበባ መዝለቅ ይኖርበታል፤ መንገዱም ሁልጊዜ አይከፈትም። ይህን ለቅበላ ክፍሉ ቀደም ብሎ በሁለት መስመር መጻፍ ምሕረት መለመን አይደለም። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ የሚጻፍ ማብራሪያ ሰበብ ይመስላል፤ ከቃለ መጠይቁ በፊት የተጻፈው ግን ዕቅድ ነው።

በመጨረሻ ጠያቂው «አንተስ የምትጠይቀኝ አለ?» ይላል፤ የ«ተጠየቅ» ተራ ወደ አመልካቹ ዞረ ማለት ነው። በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈን ነገር መጠየቅ ተራውን ማባከን ነው። ጠያቂው የቀድሞ ምሩቅ ከሆነ እሱ ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ አለ፦ «ወደ ሥራህ ስትመለስ ከተማርኸው ውስጥ ያልሠራልህ የትኛው ነበር?»